ስልት ከመፈለግ በፊት ቅደም ተከተል

በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሁለተኛው ዓመት ሲጋመስ አንድ ጥያቄ ይመጣና ከዚያ በኋላ አይለቅም። «የራስሽ የሆነው ነገር የቱ ነው?» መምህራን በግምገማ ቀን ይጠይቁታል፤ የክፍል ጓደኞች ሻይ ላይ ያነሱታል፤ ዘመድም ቢሆን «ለመሆኑ የአንቺ ሥዕል ምን ዓይነት ነው?» ማለቱ አይቀርም። እኔ የሥዕል ክፍል የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ይህን የምጽፈው ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ለነሳቸው የታች ክፍል ተማሪዎችና ያለ መምህር በየቤታቸው ለሚስሉ ሰዎች ነው። ስልት ፍለጋ መውጣት ትርፍ የለውም ባይ ነኝ። መጀመሪያ የሚያስፈልገው የሥራ ቅደም ተከተል ነው፦ ምን ይቀድማል፣ ምን ይከተላል፣ የትኛው ነገር የትኛው ደረጃ ላይ ይወሰናል። ስልት የሚባለው ነገር ከመጣ ከዚያ ወዲያ ይመጣል፤ ቢዘገይም ሥራው አይቆምም።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትምህርት እጅ ያፍታታል። የጀሶ ሐውልት በከሰል መሳል፣ ጠርሙስና ሽንኩርት ደርድሮ ጥላና ብርሃን መለየት፣ ሕያው ሞዴል ፊት ቆሞ የጭንቅላቱ ርዝመት በቁመቱ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚገባ በእርሳስ መለካት። ይህን የሚንቅ ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ የምበላው ከዚሁ ነው። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ክፍል ውስጥ ሞዴሉን የሚያስቀምጠው፣ መብራቱን የሚያዞረው፣ «ሰዓት አልቋል» የሚለው ሌላ ሰው ነው። አንድ ቀን ያ ሰው ይቀራል። ምን እንደምትስሉ፣ ከየት እንደምትጀምሩ፣ መቼ እንደምታቆሙ ሁሉንም በአንድ ጊዜ፣ ያውም ቀለም የነከረ ቡሩሽ ይዛችሁ ትወስናላችሁ። ሰውን ከሸራ የሚያሸሸው ይህ ነው እንጂ የችሎታ ማነስ አይመስለኝም።

የቀድሞው የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ይህ ጭንቀት አልነበረበትም። ቅደም ተከተሉን ከመምህሩ ይወርሰዋል። መስመር ይቀድማል፣ በመስመሩ መካከል ያለው ቦታ በቀለም ይሞላል፣ በመጨረሻ መስመሩ በጥቁር ተመልሶ ይወጣል። ጻድቅ ሁለት ዓይኑ እየታየ ከፊት ይሣላል፤ ክፉ ሰው በጎኑ ዞሮ በአንድ ዓይን። የሚሣለውን ታሪክ መጻሕፍቱና ገድላቱ ነግረውታል። እንግዲህ ጉልበቱ ሁሉ በአሣሣሉ ላይ ያርፋል። ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ፈረሱና ዘንዶው በየቤተ ክርስቲያኑ ያው ሆነው ሳለ ሥዕሎቹ ግን የተለያየ እጅ እንደሠራቸው በግልጽ የሚታየው ለዚህ ይመስለኛል። ማንም «የራሴ ስልት» ብሎ አልተነሣም። የዛሬ ተማሪ እንዲህ ያለ ርስት ስለማይጠብቀው ቅደም ተከተሉን ራሱ መሥራት አለበት። የኔን ልንገራችሁ፤ እንዳለ ውሰዱት ማለቴ አይደለም፤ የቱ ክፍል ለእናንተ እንደሚሆን እናንተው ታውቁታላችሁ።

የጀመርኩት ከአሮጌ ደብተሮቼ ነው። ለፈተና የሠራኋቸውን ወደ ጎን ትቼ፣ ማንም ሳያዘኝ በማስታወሻ ጠርዝ፣ በደረሰኝ ጀርባ፣ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ የጫርኳቸውን ሰብስቤ ወለሉ ላይ ዘረጋኋቸው። የሚደጋገም ነገር ፈለግሁ። የጠበቅሁት ፊት ነበር፤ ፊት መሳል እወዳለሁ ብዬ አምን ነበርና። የወጣው ግን ደጋፊ ነገር ሁሉ ነው፦ ፎቅ የሚገነባበት የአጠና ርብራብ፣ አጠናው እርስ በርሱ የታሰረበት ቋጠሮ፣ የሻጭ ላስቲክ የተወጠረበት እንጨት፣ ያዘነበለ የእንጨት በረንዳን የተሸከመ ምሰሶ። ሰው ስስል እንኳ ሰውየው በሁለት ጭረት አልፎ የተደገፈበት ግንብ በዝርዝር ይሠራል። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ አራት ኪሎንና ፒያሳን ሲያዳርስ፣ አሮጌው እየፈረሰ አዲሱ በአጠና ሲከበብ፣ እኔ ሳላስበው ከርሞ የቆየ ዝንባሌ ርዕስ ሆኖ ቁጭ አለ። ርዕስ የቸገረው ሰው ሐሳቡን ከመመርመሩ በፊት ቆሻሻ ወረቀቱን ይመርምር እላለሁ። ሐሳባችን ስለራሳችን ብዙ ጊዜ ያጋንናል፤ ለታይታ ያልተሣለ ጭረት ግን አያጋንንም።

ቀጥሎ መንገድ ላይ መሳል ይመጣል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ጀማሪዎች በብዛት የሚሸሹት ይህንን ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ለሠዓሊ ይህ የጂኦግራፊ ጥያቄ ብቻ አይደለም። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ ማብቂያ አካባቢ ፀሐይ በቀትር አናት ላይ ትቆማለች፤ በሌላውም ወር ቢሆን እኩለ ቀን ላይ ጥላ አጭር ነው። ከ5 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ግንብ ሁሉ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ የሰው ዓይን በቅንድቡ ጥላ ውስጥ ይጠፋል። ስለዚህ ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 3፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ10 ሰዓት በኋላ እወጣለሁ። የማታው ብርሃን ውብ ቢሆንም ቶሎ ያልቃል፤ በእኛ አገር ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የሚቆይ ወጋገን ብዙ የለም። ጥላውን መጀመሪያ በአንድ ደማቅ መስመር ከብቤ አስቀምጠዋለሁ፤ በኋላ ፀሐይዋ ብትዞርም አላሳድደውም። ክረምት ለእኔ ምርጥ ወቅት ነው። ደመናው ብርሃኑን ያስተካክለዋል፣ የረጠበ አጠና ይጠቁራል፣ የቆርቆሮ ዝገት ይደምቃል። መቀመጫዬን የላስቲክ ጥላ ካላት የጀበና ቡና ሻጭ ዘንድ አደርጋለሁ። አንድ ቡና አዝዞ ዝናቡ እስኪያባራ ቢቆዩ ተነሺ የሚል የለም።

ደብተሩ ከእጅ መዳፍ እምብዛም ያልበለጠ ይሁን። ትልቅ ሰሌዳ ይዞ መንገድ ላይ የቆመ ሰው ተመልካች ይሰበስባል፤ ተመልካች የተሰበሰበበት ሠዓሊ ደግሞ ለተመልካቹ መሳል ይጀምራል። በመንግሥት ሕንፃዎች፣ በተለይም በአራት ኪሎ ቤተ መንግሥት አካባቢ፣ ደብተር አለማውጣት ይሻላል። በሌላ ቦታ ጥበቃ ቢመጣ ደብተሩን መደበቅ ነገር ያከብዳል። አንድ ጊዜ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚያወርደው መንገድ በግንባታ አጥር ሥር ተቀምጬ ስስል አንድ በዕድሜ የገፉ ጥበቃ ከበላዬ መጥተው ቆሙ።

«ምን እየጻፍሽ ነው ልጄ?»

«ሥዕል ነው አባባ፤ ተማሪ ነኝ።» ደብተሩን ዘረጋሁላቸው።

ረጅም ጊዜ አዩት። ከርብራቡ ሥር ያለችውን ትንሽ ጥቁር ጭረት በጣታቸው ነክተው «ይህ እኔ ነኝ?» አሉ።

«አዎ እርስዎ ነዎት።»

«ታዲያ ዱላዬስ?»

ዱላውን ጨመርኩት። እውነታቸውን ነበር፤ ያቺ ጭረት ሰው የሆነችው ከዱላው በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው ስስል መጀመሪያ የያዘውን እፈልጋለሁ። ሊስትሮው ቡሩሹን፣ ቀን ሠራተኛው አካፋውን፣ ተማሪዋ ጃንጥላዋን። ፊቱ ባይሣል እንኳ የያዘው ነገር ማንነቱን ይናገራል፤ ፊቱን አለመሳል ደግሞ ሰው ሳያውቅ በመሣሉ እንዳይከፋ ያደርጋል።

ቀለም ይዤ አልወጣም። በእርሳስ ንድፉ ላይ ቀለሙን በቃል እጽፋለሁ፦ «አጠናው ከሥር ሽሮ፣ ወደ ላይ አመድ። ላስቲኩ ሰማያዊ፣ ግን ፀሐይ የላሰው። ከኋላ ያለው ግንብ የነጣ በርበሬ።» ሌላ ሰው ቢያነበው የወጥ ቤት ዝርዝር ይመስለዋል። ለእኔ ግን ፓሌት ላይ ምን ከምን ጋር እንደማዋህድ የሚነግረኝ ይኸው ነው። «ቡናማ» ብዬ የጻፍኩ ቀን ቤት ስደርስ ምንም አላስታውስም። ሁለት ቀለሞች ጎን ለጎን ሲሆኑ የቱ ጨለም እንደሚል ምልክት ማድረግም አይርሳችሁ፤ ከቀለሙ ስም ይልቅ ሥዕልን የሚያቆመው የብርሃንና የጨለማው ልዩነት ነው።

ፎቶስ? አነሳለሁ፤ ነገር ግን ሥዕሉ ሲጠናቀቅ ለማመሳከር ያህል ብቻ። የስልክ ካሜራ ጥላውን አብርቶ፣ ድምቀቱን ቀንሶ ሁሉንም እኩል ያሳያል። እኩል የታየ ነገር ሁሉ እኩል አስፈላጊ ይመስላል። ከፎቶ የሚስል ሰው የሚደክመው ለዚህ ነው፦ የመስኮቱን ፍርግርግ አንድ በአንድ እየቆጠረ የመጣበትን ምክንያት ይረሳዋል።

ከዚያ የሚመጣው ደረጃ ለእኔ ዋናው ነው። ንድፉን ዘግቼ አስቀምጠዋለሁ። ጥቂት ቀናት ያልፋሉ። ከዚያ ደብተሩን ሳልከፍት፣ በሌላ ወረቀት ላይ፣ ያንኑ ቦታ ከትዝታ እሥለዋለሁ። ከዚያ በኋላ ሁለቱን ጎን ለጎን አኖራለሁ። ትዝታዬ የጣለው ነገር ለሥዕሉ አያስፈልግም ነበር፤ ያጋነነው ነገር ደግሞ ሥዕሉ ራሱ ነው። አንድ ስድስት ፎቅ ሕንፃ በትዝታዬ አሥራ ሁለት ፎቅ ሆኖ ወጣ፤ ከሥሩ የነበሩት መኪኖች በሙሉ ጠፍተው አንዲት የላስቲክ ወንበር ብቻ ቀረች። ሸራው ላይ የሄደው ያ ነው። ምን ልሣል የሚለው ውሳኔ እዚህ ያልቃል። ቡሩሽ ስይዝ የቀረኝ እንዴት የሚለው ብቻ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሠዓሊ ያለውን ዕረፍት ያገኘሁት በዚህ በኩል ነው።

ስለ ሸራ ዝግጅት ሰው ብዙ አያወራም፤ አሰልቺ ነዋ። እኔ ግን የአሠራሬ አካል አድርጌዋለሁ። ከውጭ የሚመጣ የተዘጋጀ ሸራ ውድ ስለሆነ ወፍራም አቡጀዲ ገዝቼ እወጥራለሁ። ከእያንዳንዱ ጎን መካከል ጀምሮ ወደ ማዕዘን መሄድ ነው፤ ከማዕዘን ከጀመራችሁ ይሸበሸባል። በደረቁ ከመጠን በላይ አትሳቡት፤ ሲረጥብ ራሱ ይወጠራል፣ ደካማ ፍሬም ከሆነ ያጣምመዋል። መጀመሪያ በውሃ የቀጠነ የአናጺ ኮላ ይቀባል። ሲደርቅ ጨርቁ ይሻክራል፤ በብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብሎ ማለስለስ። ከዚያ ኮላ፣ ነጭ የግድግዳ ቀለምና በወንፊት የተነፋ የጠመኔ ዱቄት ተዋህዶ በስሱ ሁለት ሦስት ጊዜ፤ አንዱ ወደ ጎን ከተቀባ ቀጣዩ ከላይ ወደ ታች። በጠመኔ ፈንታ የግንባታ ጀሶ የሚጨምሩ አሉ፤ ውሃ ሲነካው በዕቃው ውስጥ ይጠነክርባችኋል። ወፍራም አድርጎ መቀባት ደግሞ ሸራው ሲጠቀለል እንዲሰነጠቅ ያደርጋል። ይህ የተማሪ መላ ነው፤ ለዘመናት እንዲቆይ ለምትፈልጉት ሥራ የተዘጋጀ አክሪሊክ ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለም በፊት የሚቀባ መደብ፣ መግዛት ይሻላል።

ይህን የማደርገው በስብስብ ነው። አንድ ቅዳሜ ሙሉ ሸራ ብቻ እወጥራለሁ፣ ሌላ ምንም አልሠራም። ሁሉንም በመጨረሻ በቀጠነ የአፈር ቀለም አለብሳቸዋለሁ። ነጭ ሸራ ላይ የሚያርፍ ቀለም ሁሉ ጨለማ ይመስላል፤ መካከለኛ መደብ ላይ ግን የቱ ብርሃን የቱ ጥላ እንደሆነ ከመጀመሪያው ይታያል። ለመሳል የተነሣሁ ቀን የሚያዘገየኝ ነገር መኖር የለበትም፤ መዶሻ ፍለጋ ስንዞር የሞተ ሥዕል ስንት ነው።

ዘይት ወይስ አክሪሊክ ለሚሉኝ፦ የምትኖሩበትን ክፍል ተመልከቱ። እኔ የተከራየሁት ግቢ ውስጥ ሌሎችም ሰዎች ይኖራሉ፤ የዘይት ቀለም የሚቀጥንበት የአኳራጅ ሽታ ደግሞ ግድግዳ አያግደውም። አከራዬ እማማ ተቆጥተውኝ አያውቁም፤ «ልጄ፣ ዛሬ ቀለሙ በረታ» ሲሉኝ ግን ገብቶኛል። ስለዚህ በቤት አክሪሊክ፣ በትምህርት ቤቱ ስቱዲዮ ዘይት። በአንድ ሥራ ላይ ሁለቱን የምትጠቀሙ ከሆነ አክሪሊኩ ከሥር፣ ዘይቱ ከላይ ይሁን፤ ተገላቢጦሹ ይላቀቃል። ዘይት በባዶ አቡጀዲ ላይ አይቀባ፤ ጨርቁን ከጊዜ በኋላ ይበላዋል። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ደግሞ ተጨብጦ ጥግ ላይ አይጣል፣ በራሱ ሞቆ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ውሃ ባለበት ጣሳ ውስጥ ክተቱት።

የሥዕሉ አሠራር ራሱ በቃላት ሲነገር አጭር ነው። መስመር በከሰል፤ ከዚያ ሰፋፊ ቦታዎች በቀለም፣ መስመሩን ሳላከብር፤ በመጨረሻ መስመሩ በቀጭን ቡሩሽ ይመለሳል፣ ግን አስፈላጊ በሆነበት ቦታ ብቻ። ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል የወሰድኩት ይህንን ነው። መስመሩ የሚመለስበት ሰዓት የማቆሚያዬም ምልክት ነው፤ መስመር ከጀመርኩ በኋላ ወደ ቀለም መመለስ የለም። ሌላው ሰው ሌላ ምልክት ያበጃል። ምልክት የሌለው ግን ሥዕሉን አጨቅይቶ እስኪገድለው አያቆምም።

ሲጨንቀኝ ስድስት ኪሎ ወደሚገኘው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ሙዚየም እሄዳለሁ፤ ከክፍላችን ብዙም አይርቅም። ገብረ ክርስቶስ በጀርመን ኮሎኝ ተምሮ ሲመለስ በአገር ቤት ብዙ ሰው ያልለመደውን፣ የነገሮችን መልክ እንዳለ የማያሳየውን ረቂቅ ሥዕል ይዞ መጣ፤ ገጣሚም ነበር። እስክንድር ቦጎሲያን ደግሞ በለንደንና በፓሪስ ቆይቶ ሲመጣ ከክታብና ከጥልሰም ሥዕል የተነሡ ምልክቶችን ዘመናዊ አደረጋቸው። ሁለቱም በአዲስ አበባው «አለ ፈለገ ሰላም» የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተምረዋል። እኔ በሙዚየም ውስጥ ሥዕል አልገለብጥም። አንድ ሥራ ፊት ቆሜ «መጀመሪያ የተቀባው የቱ ነው?» እያልኩ ከላይ ወደ ሥር ቅደም ተከተሉን እገምታለሁ። የቀለም ጠርዝ በቀለም ላይ የት እንደተደረበ፣ ከሥር ያለው የት እንደተተወ በቅርብ ላየ ይታያል። የሌላውን ስልት ከመኮረጅ ይህ ይበልጣል፤ አሠራር ሲወሰድ የራስ ይሆናል፣ መልክ ሲወሰድ ግን የባለቤቱ እንደሆነ ይቀራል።

ስለ ስሜት መጠበቅ የሚወራውን አላምንበትም። ስሜት የሚመጣው ከሰሉ ከተነሣ በኋላ ነው፤ ለእኔ እስካሁን ቀድሞ የመጣበትን አላስታውስም። በሌላ በኩል «በየቀኑ ይህን ያህል ገጽ» የሚለውም አልሆነልኝም፤ ቁጥሩን ለመሙላት ብቻ የተሣለ ነገር በአሰልቺነቱ ይታወቃል። ለእኔ የሠራው ሥራውን በደረጃ መክፈሉ ነው። ጉልበት ያለኝ ቀን እቀባለሁ፤ የደከመኝ ቀን ጨርቅ እወጥራለሁ፤ ምንም የማልችል ቀን አሮጌ ንድፍ አውጥቼ የቀለም ማስታወሻውን አነባለሁ። መብራት የጠፋ ምሽት ደግሞ ከትዝታ ለመሳል የተሠራ ነው፣ ሻማ ይበቃል።

ያላለቀ ሥራ ለማን እንደሚያሳዩም መምረጥ ያስፈልጋል። ለሠዓሊ ጓደኛ ከትዝታ የተሣለውን ወረቀት አሳያለሁ፣ ምክንያቱም ገና ሊቀየር ይችላል። ሥዕሉ ሲገባደድ ግን ሠዓሊ ላልሆነ ሰው ነው የማሳየው። «ምን ይታይሃል?» ብዬ ዝም እላለሁ። ያብራራሁለት ሰው ያየውን አይነግረኝም፤ የነገርኩትን መልሶ ይነግረኛል። በክፍል ግምገማ ላይም የሚባለውን ሁሉ እጽፋለሁ፤ ወዲያው ግን ሸራውን አልነካም። ከሳምንት በኋላም የሚቆጠቁጠኝ አስተያየት ካለ እርሱ ትክክል ነው።

አሁን የመመረቂያ ሥራዬ ላይ ነኝ፤ ይህ ሁሉ ቅደም ተከተልም በሁለት ሜትር ሸራ ፊት ተንገዳግዷል። መዳፍ በምታህል ደብተር ላይ ከእጅ አንጓ የወጣ መስመር ሲሰፋ ይደነዝዛል። ንድፉን በካሬ ከፋፍሎ ማሳደግ መጠኑን በትክክል ያስተላልፋል፤ የመስመሩን ሕይወት ግን አላስተላለፈልኝም። የሠራልኝ ከሰሉን ክንድ በሚያህል ሸምበቆ ጫፍ ላይ አስሮ፣ ከሸራው ራቅ ብሎ ቆሞ መሳል ነው። እጅ ከትከሻ ስለሚንቀሳቀስ መስመሩ ይለቀቃል፤ ከርቀት ስለሚሠራም ሙሉው ሥዕል እየታየ ነው። ለማንደጃ የሚሸጠው ከሰል ለዚህ አይሆንም፣ ጠንካራ ስለሆነ ሸራውን ይቧጥጣል። ቀጫጭን ደረቅ ጭራሮ ክዳኑ በሚገጥምና አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ባላት ጣሳ ውስጥ አጭቆ፣ ጭሱ እስኪያቆም እሳት ላይ ማቆየትና ሳይከፍቱ ማቀዝቀዝ ለስላሳ የሥዕል ከሰል ይሰጣል። ሸምበቆ ካጣችሁ የመጥረጊያ እንጨትም ይሆናል።